ማዕቀቡ የሚታወጀው በአደባባይ፣ የሚፈጸመው በበር ላይ

በ1992 ዓ.ም. ሎንዶን ላይ የወጣ አንድ ትእዛዝ፣ በፎክላንድ፣ በሴንት ሄለና፣ በካይማንና እነዚህን በመሳሰሉ የብሪታንያ የባሕር ማዶ ግዛቶች የሚኖር ሰው ለኢትዮጵያ ወይም ለኤርትራ የጦር መሣሪያ ቢሸጥ፣ ቢያቀብል ወይም ቢያጓጉዝ በወንጀል ተከሶ እንዲቀጣ ደነገገ። ሴንት ሄለና ናፖሊዮን በግዞት የሞተባት፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል ተነጥላ የቆመች ደሴት ናት። ፎክላንድም ከደቡብ አሜሪካ ጫፍ ባሻገር የምትገኝ፣ ከሰው ይልቅ በግ የሚበዛባት ቀዝቃዛ ምድር ናት። እነዚህን ደሴቶች ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ጦርነት ጋር ምን አገናኛቸው? የደብረ ማርቆስ ሠራተኛስ ሆነ የአካባቢው ገበሬ ስለዚህ ትእዛዝ ማወቁ ምን ይረባዋል?

ጥያቄው በቀበሌ ስብሰባ ላይ ቢነሳ ሳቅ ሊያስነሳ ይችል ይሆናል። መልሱ ግን የሚያስቅ አይደለም። የጎጃም ሕዝብ አባቶች በሽሬና በተከዜ ላይ ጥይት አልቆባቸው የተዋጉበት ምክንያት አንዱ ክፍል እዚሁ ላይ ይገኛልና ጉዳዩን ከሥሩ መመርመር ይገባል።

እንደሚታወቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በግንቦት ወር 1990 ዓ.ም. ተጀመረ። ሁለት ዓመት ከቆየ በኋላ፣ ግንቦት 9 ቀን 1992 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ቁጥር 1298ን በሙሉ ድምፅ አጽድቆ በሁለቱም አገሮች ላይ ለ12 ወራት የሚጸና የጦር መሣሪያ ማዕቀብ ጣለ። መሣሪያና ጥይት መሸጥ ብቻ ሳይሆን ከዚህ ጋር የተያያዘ የቴክኒክ እርዳታና ሥልጠና መስጠትም ተከለከለ። በአደባባይ የሚነገረው የማዕቀብ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል፤ እጅ ወጣ፣ ውሳኔው ጸደቀ፣ ጋዜጦችም ዘገቡት።

ይሁን እንጂ የጸጥታው ምክር ቤት የራሱ ጉምሩክ የለውም። የራሱ የወደብ ፖሊስም ሆነ ነጋዴን ከሶ የሚያስቀርብበት ፍርድ ቤት የለውም። ውሳኔው የሚያስገድደው መንግሥታትን ነው፤ ነጋዴውን፣ ደላላውንና የመርከቡን ካፒቴን የሚያስገድደው ግን እያንዳንዱ መንግሥት በራሱ ግዛት የሚያወጣው ሕግ ብቻ ነው። አንድ መንግሥት ውሳኔውን ደግፎ ድምፅ ከሰጠ በኋላ ሕጉን በአገሩ ሳያወጣ ቢቀር፣ በዚያ አገር መሣሪያ የሚሸጠው ሰው ምንም ወንጀል አልሠራም ማለት ነው።

ብሪታንያ በዚያን ጊዜ ለዚህ ትጠቀምበት የነበረው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ሕግ ነበር። በዚህ ሕግ መሠረት መንግሥቷ እያንዳንዱን ማዕቀብ በዘውዱ አማካሪ ምክር ቤት ትእዛዝ ሥራ ላይ ያውለው ነበር። ነገር ግን ለእናት አገሯ የሚወጣው ትእዛዝ በራሱ ጊዜ ባሕር ተሻግሮ ደሴቶቹን አይገዛም፤ ለባሕር ማዶ ግዛቶች ለብቻው መጻፍ አለበት። ስለሆነም ኢትዮጵያና ኤርትራን የሚመለከተው ትእዛዝ እንደገና ተጽፎ የየግዛቶቹ ስም ተዘረዘረ። ያለ አገረ ገዥው ፈቃድ መሣሪያ መላክ ተከለከለ፤ በግዛቶቹ የተመዘገቡ መርከቦችና አውሮፕላኖች ጭነቱን እንዳይሸከሙ ታገዱ፤ ባለ ሥልጣኖችም ሰነድ የመጠየቅ፣ ዕቃ የመፈተሽና መርከብ የማገት ሥልጣን ተሰጣቸው።

ታዲያ በሴንት ሄለና ድንጋይ ላይ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ አለ? የለም። በካይማን ግን ሌላ ፋብሪካ አለ፤ ይኸውም የወረቀት ድርጅት የሚመረትበት ነው። በዛሬው የመሣሪያ ንግድ ዕቃው ከምሥራቅ አውሮፓ መጋዘን ይነሳል፣ አውሮፕላኑ የሌላ አገር ባንዲራ ለብሶ ይበራል፣ ደላላው ከአውሮፓ ከተማ በስልክ ያዛል፣ ገንዘቡ በሦስተኛ አገር ባንክ ያልፋል፤ ሻጭ ተብሎ በውሉ ላይ የሚፈርመው ድርጅት ደግሞ ግብር በማይጠየቅባት፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነ በማይነገርባት አንዲት ደሴት የተመዘገበ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። ጠመንጃው ደሴቲቱን ፈጽሞ አይረግጣትም። ሕጉ ግን ደሴቲቱን ከዘለላት ሻጩ ከሕግ ውጭ ሆኖ በሰላም ይኖራል።

ይህ ግምት አይደለም፤ በሩዋንዳ ሕዝብ ደም የተጻፈ ማስረጃ አለው። የጸጥታው ምክር ቤት በሩዋንዳ ላይ የመሣሪያ ማዕቀብ የጣለው ጭፍጨፋው በተፋፋመበት ወቅት፣ ግንቦት 9 ቀን 1986 ዓ.ም. ነበር። (ቀኑ ከስድስት ዓመት በኋላ በእኛ ላይ ማዕቀብ ከተጣለበት ቀን ጋር መግጠሙ የአጋጣሚ ጉዳይ ነው።) ሚል-ቴክ የተባለ፣ በብሪታንያና በአየርላንድ መካከል በምትገኘው በማን ደሴት የተመዘገበ ድርጅት በዚያ ወራት ለጨፍጫፊው መንግሥት መሣሪያና ጥይት ሲያቀብል ነበር። ሰነዶቹ የተገኙት ከሁለት ዓመት በኋላ፣ የተሸነፈው የሩዋንዳ ጦር ሸሽቶ ይኖርበት በነበረው በምሥራቅ ዛየር የስደተኞች ሠፈር ነው። የብሪታንያ መንግሥት ጉዳዩን ሲመረምር የማዕቀቡን ትእዛዝ ለእናት አገሩ አውጥቶ በዘውዱ ሥር ላለችው ለማን ደሴት ግን ማውጣቱን እንደረሳ ተገኘ። ለደሴቲቱ የሚሆነው ትእዛዝ የወጣው በ1989 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ሟቾቹ ከተቀበሩ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል።

አንድ የጽሕፈት ቤት ሹም አንድ ገጽ ሳይጽፍ መቅረቱ ይህን ያህል ዋጋ አስከፈለ። በመሆኑም በ1992 ዓ.ም. ፎክላንድና ሴንት ሄለና ስለ ኢትዮጵያና ስለ ኤርትራ ሕግ ሲወጣላቸው አካሄዱ ተገቢ ነበር። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በዚህ ረገድ የብሪታንያን መንግሥት የሚነቅፍበት ነገር የለውም።

ነቀፋው ሌላ ቦታ ነው። ‹‹የባሕር ማዶ ግዛት›› የሚለው ስም በ1992 ዓ.ም. ሩቅ ደሴቶችን የሚያመለክት ይሁን እንጂ፣ ከዚያ 65 ዓመት በፊት የጎረቤቶቻችን ስም ነበር። ጅቡቲ የፈረንሣይ፣ በርበራና ዘይላ የእንግሊዝ፣ ኬንያ የእንግሊዝ፣ ሱዳን እንግሊዝና ግብፅ በጋራ ይገዟታል ቢባልም በተግባር የእንግሊዝ፣ ምጽዋና ሞቃዲሾ ደግሞ የኢጣልያ ነበሩ። ኢትዮጵያ ነፃ አገር ብትሆንም በሯ ሁሉ በሰው እጅ ነበር። ያን ጊዜ የጦር መሣሪያ ሕግ በባሕር ማዶ ግዛቶች ተፈጻሚ ሆነ ማለት፣ አዲስ አበባ ወይም ደብረ ማርቆስ የሚደርሰው ጥይት ቁጥር ተወሰነ ማለት ነው።

ቅኝ ገዥዎቹ በዚህ ላይ የሠሩት ሥራ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 በብራስልስ በተፈረመው ስምምነት ከሰሜን 20 ዲግሪ እስከ ደቡብ 22 ዲግሪ ኬክሮስ ባለው የአፍሪካ ምድር መሣሪያ እንዳይገባ ከለከሉ። ሰበቡ የባሪያ ንግድን ማጥፋት ነበር፤ ውጤቱ ደግሞ ጥቁሩ ሕዝብ ባዶ እጁን መቅረቱ ነው። በዚያ ጊዜ ያልተሳካላቸው ቅኝ ገዥዎቹ እርስ በርሳቸው ስለሚፎካከሩ ነበር፤ ዐፄ ምኒልክ ከፈረንሣይም፣ ከሌሎችም፣ ከኢጣልያ ከራሷም ሳይቀር ጠመንጃ አግኝተው አድዋ ላይ ዋሉበት። ይህ ትምህርት በአውሮፓ መዲናዎች አልተረሳም። ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን እ.ኤ.አ. የ1919ኙን የሴንት ዠርማን የመሣሪያ ንግድ ቁጥጥር ውል መርሆች እንድታከብር ግዴታ ገባች። በሚያዝያም ሆነ በመስከረም መሣሪያ እንደ ልቡ የሚያመርተው አባል ግን እንዲህ ያለ ግዴታ አልተጠየቀም።

ነሐሴ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ እንግሊዝ፣ ፈረንሣይ፣ ኢጣልያና ኢትዮጵያ ስለ መሣሪያ ንግድ ሌላ ውል ተፈራረሙ። የኢትዮጵያ መንግሥት አገሩን ለመጠበቅና ጸጥታውን ለማስከበር የሚያስፈልገውን መሣሪያ በጎረቤት ግዛቶች በኩል ለማስገባት መብት እንዳለው በዚህ ውል ታወቀ። ከፈራሚዎቹ አንዷ ከአምስት ዓመት በኋላ የወረረችን ኢጣልያ ነበረች።

ውሉ በተግባር የተፈተነው ክፉ ቀን ሲመጣ ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ እኛ ገና ስናከብር፣ የፈረንሣዩ ላቫልና ሙሶሊኒ ሮም ላይ ስምምነት ተፈራረሙ፤ በስምምነቱም ኢጣልያ የጅቡቲ አዲስ አበባ ምድር ባቡር 2,500 አክሲዮን ተሰጣት። ወራሪው የተወራሪውን መግቢያ በር በከፊል ገዛው ማለት ነው። ቀጥሎም ሐምሌ 18 ቀን 1927 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ለኢጣልያም ሆነ ለኢትዮጵያ ምንም ዓይነት የመሣሪያ መላኪያ ፈቃድ እንደማይሰጥ አስታወቀ። ፈረንሣይም ተመሳሳይ መንገድ ተከተለች። በነሐሴ ወር የአሜሪካ ምክር ቤት የገለልተኝነት ሕግ አወጣ፤ ጦርነቱ እንደተከፈተም ፕሬዚዳንቱ ሕጉን በሁለቱም ተዋጊዎች ላይ አወጁት።

‹‹በሁለቱም ላይ እኩል›› የሚለውን ቃል አንባቢ በጥሞና ይመርምረው። ኢጣልያ ፊያት፣ አንሳልዶና ብሬዳ የተባሉ ታላላቅ ፋብሪካዎች ነበሯት፤ ታንኩን፣ አውሮፕላኑን፣ መትረየሱንና ቦምቡን ራሷ ትሠራ ነበር። ኢትዮጵያ ጠመንጃም ሆነ ጥይት የምታገኘው በግዥ ብቻ ነበር። እንግሊዝ ለኢጣልያ መትረየስ አልሸጥም ስትል ሮም ምንም አልጎደለባትም። ለኢትዮጵያ አልሸጥም ስትል ግን የጎጃም ገበሬ ሊታጠቀው የነበረው ጥይት በመርከብ ሳይጫን ቀረ። በዚያው ሰሞን የፋሽስቱን ሠራዊት የያዙ መርከቦች ለስዊዝ ቦይ ኩባንያ ቀረጥ እየከፈሉ በሰላም ያልፉ ነበር፤ ኩባንያውም የሁለቱ ‹‹ገለልተኞች››፣ የእንግሊዝና የፈረንሣይ ንብረት ነበር። ቦዩ ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ዓለም አቀፍ ውል ያዛል ተባለ። የፓሪሱ ውልስ ምን ያዝዝ ነበር?

ራስ እምሩ ወደ 25,000 የሚገመት የጎጃም ጦር ይዘው ከደብረ ማርቆስ ተነሥተው ወደ ሰሜን የዘመቱት በዚህ ሁኔታ ነው። የዚያን ዘመን የጎጃም ዘማች ስንቁን በአህያ ጭኖ፣ በእግሩ ተጉዞ፣ ባለው ውጅግራና ምንሽር የሚዋጋ ገበሬ ነበር። ለጎጃም የሚታሰብ አንድ ሣጥን ጥይት ጅቡቲ ላይ ከመርከብ ወርዶ፣ በባቡር አዲስ አበባ ገብቶ፣ ከዚያ በጋማ ከብት የዓባይን በረሃ ወርዶ ደጀንን መውጣት ነበረበት። ጅቡቲ ላይ የሚዘጋ በር የሚያስጨንቀው እዚህ ድረስ ነው። ይህም ሆኖ የራስ እምሩ ጦር በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. ደምበጉና ላይ (የጎጃሙን ደምበጫ ማለታችን አይደለም፤ በሽሬ በኩል ያለውን በር ነው) የኢጣልያን ታንኮች በእጁ ማረከ፤ ከድንጋይ ኋላ እየዘለለ፣ በታንኩ ላይ እየወጣ። በዚያው ወር ፋሽስቱ ራሱ ፈርሞ የተከለከለውን የመርዝ ጋዝ በተከዜ ላይ አዘነበ። የሽሬ ውጊያ ያበቃው በአድዋ ድል 40ኛ ዓመት ሰሞን ነው።

እዚህ ላይ ለእውነት ሲባል አንድ ነገር መነገር አለበት። የዓለም መንግሥታት ማኅበር ዝም አላለም። ወረራው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በ26 ኢጣልያ የማኅበሩን ቃል ኪዳን እንደጣሰች ተፈረደባት፤ በ30 ደግሞ በኢትዮጵያ ላይ ያለው የመሣሪያ ክልከላ እንዲነሣና በኢጣልያ ላይ ብቻ እንዲሆን የማኅበሩ አስተባባሪ ኮሚቴ ወሰነ። ይህ ትክክለኛ ፍርድ ነበር። ለአጥቂውና ለተጠቂው እኩል በር መዝጋት ዳኝነት እንዳልሆነ አምኖ መቀበል ነበርና። ኅዳር 8 ቀንም ሌሎቹ ማዕቀቦች ሥራ ላይ ዋሉ፤ ከዝርዝሩ ውስጥ ግን የፋሽስቱን ካሚዮንና አውሮፕላን የሚያንቀሳቅሰው ነዳጅ አልነበረበትም።

ክልከላው ተነሣ ተባለ እንጂ በሩ ተከፈተ ማለት አልነበረም። በእንግሊዝ ሶማሌላንድ በበርበራ በኩል ጥቂት ገባ። ጅቡቲ ላይ ፈረንሳዮች ኢጣልያ ባቡሩን ትደበድብብናለች እያሉ መሣሪያውን ያጓትቱት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ንግግራቸው ካሰሙት አቤቱታ አንዱ ይህ ነው፤ ምድር ባቡሩ ለኢትዮጵያ ጦር የሚሆን መሣሪያ እንዳያመላልስ በተግባር ተዘግቶ ነበር። ክልከላውን ያነሣው ጉባኤ ጄኔቭ ሲሆን የባቡሩን ፉርጎ የሚያስነሣው ግን የጅቡቲ አገረ ገዥ ነበር። ከሁሉ የሚያስገርመው፣ በዚያ ጭንቅ ወቅት 10,000 ያህል ማውዘር ጠመንጃ በድብቅ የሰጠው የሂትለር መንግሥት መሆኑ ነው። ለኢትዮጵያ አዝኖ አይደለም፤ ሙሶሊኒ በአፍሪካ ተጠምዶ ስለ ኦስትሪያ እንዳይከራከረው ፈልጎ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ ሁለቱ ተቃቅፈው ታዩ።

የጎጃም ሕዝብ ከዚያ በኋላ ለአራት ዓመት በሱዳን በኩል ያለውን ሁለተኛ በር አየ። በላይ ዘለቀ በብቸና፣ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ነጋሽ በዛብህና ሌሎችም በየአውራጃቸው ፋሽስቱን ከምሽጉ እንዳይወጣ ሲያደርጉ የሚተኩሱት ጥይት አብዛኛው ከራሱ ከጠላት የተማረከ ነበር። በምዕራብ በኩል የእንግሊዝ ሱዳን አለ። መሣሪያም ሞልቶበታል። እንግሊዝ ግን በኅዳር 1931 ዓ.ም. ኢጣልያ በኢትዮጵያ ላይ ያላትን ‹‹ንጉሠ ነገሥትነት›› አውቃ ነበርና፣ ለአርበኛው ጠመንጃ መስጠት በወዳጅ መንግሥት ላይ ማመፅ ተብሎ ይቆጠር ነበር።

ከዚያም ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ሙሶሊኒ በእንግሊዝና በፈረንሣይ ላይ ጦርነት አወጀ። በዚያው ወር በሱዳን የእንግሊዝ ጦር አዛዥ የነበረው ጄኔራል ፕላት መሣሪያ እንዲያስመጡ ለአርበኞች አለቆች ደብዳቤ ላከላቸው። በነሐሴ የሳንድፎርድ ጓድ ድንበሩን ተሻግሮ ጎጃም ገባ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ኦሜድላ ላይ ድንበሩን ተሻገሩ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ግመሎችም ከሱዳን ቆላ ጥይትና ስንቅ ተጭነው ወደ ጎጃም ደጋ ሲወጡ በየመንገዱ አለቁ። መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ነፃ ሆና ንጉሠ ነገሥቱን ተቀበለች። ድንበሩ ያው ነበር፤ አርበኛውም ያው፤ የጎጃም ሕዝብ በደልም አልተለወጠም። የተለወጠው የእንግሊዝ ጥቅም ነው፤ ሕጉም አብሮት ተለወጠ።

ከዚህ ተነሥተው በ1992 ዓ.ም. የተጣለብን ማዕቀብ የ1927ቱ ግልባጭ ነው የሚሉ አሉ። በዚህ አንስማማም። በ1927 ዓ.ም. አንዱ ወገን ፋብሪካ ያለው ወራሪ፣ ሌላው በግዥ የሚኖር ተወራሪ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግን የተዋጉት በአንድ ቋንቋ ተናግረው የሚግባቡ፣ በአንድ ገበያ የተገበያዩ፣ ሁለቱም ድሆች የሆኑ ሕዝቦች ናቸው፤ ጄት አውሮፕላን የሚሠራ ከመካከላቸው አልነበረም፤ ሁለቱም በውጭ ምንዛሪ ከውጭ ይገዙ ነበር። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ወጣት አለቀ፤ ከጎጃም የሄደውም ብዙ ነው። እንዲህ ባለው ጦርነት ላይ የመሣሪያውን በር መዝጋት በራሱ የሚያስነቅፍ አይደለም።

የሚያስነቅፈው ጊዜው ነው። የጸጥታው ምክር ቤት የካቲት 3 ቀን 1991 ዓ.ም. በውሳኔ ቁጥር 1227 መንግሥታት መሣሪያ መሸጥ እንዲያቆሙ አጥብቆ ‹‹አሳሰበ››፤ አላስገደደም። የአውሮፓ ኅብረት በመጋቢት 6 የራሱን ክልከላ አወጣ፤ ዋነኞቹ ሻጮች ግን የኅብረቱ አባላት አልነበሩም። አስገዳጁ ማዕቀብ የታወጀው የኢትዮጵያ ጦር የመጨረሻውን ማጥቃት ግንቦት 4 ቀን 1992 ዓ.ም. ከጀመረ ከአምስት ቀን በኋላ ነው። ሰኔ 11 ቀን ተኩስ ማቆም ተፈረመ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. የአልጀርሱ ስምምነት ተከተለ፤ ማዕቀቡም ዓመቱ ሲሞላ በግንቦት 1993 ዓ.ም. ሳይታደስ አበቃ።

የኢትዮጵያ ሱ-27 እና የኤርትራ ሚግ-29 አውሮፕላኖች በሰማይ ላይ የተጋጠሙት በየካቲት 1991 ዓ.ም.፣ ማዕቀቡ ከመታወጁ ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። ሁለቱም የተሠሩትም የተገዙትም ከሩስያ ነው። ሩስያም ግንቦት 9 ቀን 1992 ዓ.ም. በጸጥታው ምክር ቤት ተቀምጣ፣ ከሌሎቹ 14 አባላት ጋር ማዕቀቡን ደግፋ እጇን አወጣች።